ክሪክ በእንግሊዝኛ ለምን «ጃክ» ተባለ?

ጃኬት የለበሰ ዲጄ ጃክፖት ወጣለት እንበል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ሰው አለ? አንባቢ አንድ ነው ሊል ይችላል። የቃላቱን ሥር ቆፍሮ ለሚያይ ግን አራት ሰዎች አሉ፤ ዲጄው ራሱ፣ በጃኬቱ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ገበሬ፣ በጃክፖቱ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ አሽከር፣ «ዲጄ» በምትለው አጭር ስም ውስጥ ደግሞ አንድ የስኮትላንድ ጎረምሳ። ሦስቱም ስማቸውን ለዕቃና ለሥራ ካስረከቡ በኋላ ከነመኖራቸው ተረስተዋል።

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ይህን ስም በየመንገዱ ያገኘዋል። መኪና የሚያነሳው ክሪክ ጃክ ነው። የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ ጃክ ነው። በካርታ ጨዋታ ከንግሥቲቱ በታች ያለው ወጣት ጃክ ነው። እንጨት ቆራጩ «ላምበርጃክ» ሲባል፣ ወንዱ አህያ «ጃክአስ» ይባላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ በአንዲት ቃል ሥር ሃያ ትርጉም ተደርድሮ ሲያገኝ ቋንቋው ያበደ ይመስለዋል። ከትርጉሞቹ የሚበዙት ግን የአንድ ስም ውላጆች ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸውም ሊከተሉት የሚቻል ነው።

ጃክ የጆን ማቆላመጫ ነው፤ ጆን ደግሞ የእኛው ዮሐንስ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሰዎች ስምን ሲያቆላምጡ መጨረሻው ላይ «ኪን» የምትል ቅጥያ ያክሉ ነበርና ጃን ጃንኪን ሆነ፤ ጃንኪን ሲነገር ሲነገር ወደ ጃኪን፣ ከዚያም ወደ ጃክ አጠረ። ከዮሐንስ ተነሥቶ ጃክ መድረስ ረጅም መንገድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወልደ ሚካኤልን ወልዴ ብሎ ለሚጠራ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ፈረንሳዮች ዣክ የሚሉት ስም ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ ያዕቆብ ነው። ሁለቱ ስሞች ድምፃቸው ስለሚመሳሰል በየዘመኑ ተደባልቀዋል፤ በብዙ ቃላት ታሪክ ውስጥ ይኼኛው ከዮሐንስ ወረደ ወይስ ከያዕቆብ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ከዚህ በታች ዓመታትን ስጠቅስ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ለምን ይህ ስም ተመረጠ? መልሱ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ይጠራበት ስለነበር። በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጆን፣ ዊሊያም፣ ቶማስ፣ ሪቻርድና ሮበርት የተባሉት አምስት ስሞች ብቻ ከወንዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይሸፍኑ ነበር። ከእነርሱም ጆን ግንባር ቀደሙ ነበር። ስም የተፈጠረው አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት ነው። በአንድ መንደር አሥር ጆን ሲኖር ግን «ጆን» ብሎ መጣራት ማንንም ለይቶ መጥራት አይደለም፤ «አንተ ሰውዬ» ከማለት ብዙም አይለይም። ስሙ መለየት ባቆመበት ቦታ ተራ ቃል መሆን ይጀምራል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ዘዴ አለው። ስሙን መጥራት የማንፈልገውን ወይም የማናውቀውን ሰው «እገሌ» እንለዋለን። ቃሉ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ እገሌ የሚባል ሕፃን ክርስትና ሲነሳ አይታይም። እንግሊዝኛ ግን እውነተኛ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ለእገሌነት መለመለ። «ቶም፣ ዲክና ሃሪ» ሲሉ «ማንም እየተነሣ» ማለታቸው ነው፤ ዲክ የሪቻርድ፣ ሃሪ የሄንሪ ማቆላመጫ ነው። ያ ስም ያላቸው ሰዎች ቅር ተሰኝተው እንደሆነ የጻፈው የለም።

ጃክ ግን ማንኛውም ሰው ብቻ ሆኖ አልቀረም። ወደ ታች ወረደ። ጌቶች በሙሉ ስማቸውና በማዕረጋቸው ሲጠሩ፣ የቤቱ አሽከር፣ የጋሪ ነጂው፣ የበረት ጠባቂው በቁልምጫ ስም ይጠራል። ቁልምጫ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ከበላይ ወደ በታች ሲወርድ ንቀትም ይሆናል። በዚህ መንገድ «ጃክ» ማለት ሥራ የሚታዘዝ ተራ ሰው ማለት ሆነ። ይህን ሰዎቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች በነፍስ ወከፍ ግብር ተማርረው ባመፁ ጊዜ፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ከነበረው ከቄስ ጆን ቦል ጋር የተያያዙ ደብዳቤዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚናገሩት ጃክ ሚለር፣ ጃክ ካርተርና ጃክ ትሩማን ናቸው፤ ወፍጮ ፈጪው ጃክ፣ ጋሪ ነጂው ጃክ፣ እውነተኛው ሰው ጃክ እንደ ማለት። ከአመፁ መሪዎች አንዱም ጃክ ስትሮው ይባል ነበር፤ ጭድ ማለት ነው። የንቀቱን ስም አንሥተው ለራሳቸው ባንዲራ አደረጉት።

ከባሕሩ ማዶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የፈረንሳይ መኳንንት ገበሬውን በጅምላ «ዣክ ቦኖም» ይሉት ነበር፤ ደጉ ሰውዬ ዣክ ማለት ነው፣ ደግነቱ ግን የሽሙጥ ነበር። በ1358 ከፓሪስ በስተ ሰሜን ያሉ ገበሬዎች በመኳንንቱ ላይ ሲነሡ አመፁ ዣክሪ ተባለ፤ ቃሉም በፈረንሳይኛ የገበሬ አመፅ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዘመን ተራው ሰው የሚለብሳት አጭር እጀ ጠባብ «ዣክ» ትባል ነበር፤ ትንሿ ዣክ ደግሞ ዣኬት ሆነች። ልብሷ ስሟን ያገኘችው ከገበሬው ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ሥሩ ዐረብኛ ነው የሚሉም አሉ። ገበሬውን ለሚደግፉት አደላለሁ።

አሁን ወደ ክሪኩ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚደንቀኝ የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። በትልልቅ ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ ሥጋ በብረት ዘንግ ተሰክቶ በእሳት ፊት ይጠበስ ነበር። ዘንጉን ሰዓታት ሙሉ የሚያዞር አንድ ልጅ ነበር፤ ፊቱ በእሳት ይለበለባል፣ ጀርባው በብርድ ይመታል። ኋላ ላይ ዘንጉን በክብደትና በጥርስ መዘውር የሚያዞር መሣሪያ ተሠራ። መሣሪያውን ምን ብለው ይጥሩት? የልጁን ሥራ ነጥቆ ስለሠራ የልጁን ስም ሰጡት፤ ጃክ አሉት። ጌታው ከጉዞ ሲመለስ ቦት ጫማውን የሚያወልቅለት አሽከር ነበር፤ ተረከዝ ቆንጥጦ የሚይዝ ባለ ቀንድ ጣውላ ሲገኝ እርሱም «ቡትጃክ» ተባለ። ሸክም የሚያነሳ ባለ ጥርስ ብረት ሲሠራም ጃክ ሆነ፤ ከሥር ገብቶ በትከሻው የሚገፋውን ሠራተኛ ተክቷልና። ዛሬ ጎማ ለመቀየር ከመኪና ሥር የምናስገባው ክሪክ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

የሰዓት ማማዎች ላይም ጃክ አለ። ዌልስ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ (አገሪቱ ዌልስ አይደለችም) ወደ 1390 ገደማ የተሠራ የካቴድራል ሰዓት ይገኛል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የእንጨት ሰው አለ፤ ሰዓቱ ሲደርስ በእጁ መዶሻ፣ በተረከዞቹም ጭምር ደወል ይመታል። ስሙ ጃክ ብላንዲፈርስ ነው። ደወል መደወል የሰው ሥራ ነበርና፣ ሰውን የተካው አሻንጉሊት የሰው ስም ወረሰ። ሥራን ከሰው ነጥቆ ለማሽን መስጠት የኛ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ይህን ሰዓት ቢያየው መልካም ነው።

የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ግን በሌላ በር የገባ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ሲከፈቱ፣ ኦፕሬተሮች ገመድ እየሰኩና እየነቀሉ ደንበኛን ከደንበኛ ያገናኙ ነበር። መጀመሪያ የተሠራው ማገናኛ ቅርፁ «ጃክ ናይፍ» ከሚባለው ታጣፊ ሰንጢ ጋር ስለተመሳሰለ በሰንጢው ስም ተጠራ። ኋላ ሰንጢው ከስሙ ወደቀና ጃክ ብቻውን ቀረ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰካበት 6.35 ሚሊ ሜትር መሰኪያ የእነዚያ ጣቢያዎች ቅርስ ነው፤ በስልክና በሬዲዮ ላይ የምናውቀው 3.5 ሚሊ ሜትሩ የእርሱ ታናሽ ነው። አፕል ኩባንያ በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ያስወገደውም ይህንኑ ታናሽ ነው።

በካርታው ላይ ያለው ወጣት በመጀመሪያ ስሙ ጃክ አልነበረም፤ «ኔቭ» ይባል ነበር። ትርጉሙ ብላቴና፣ አሽከር ማለት ነው፤ ቃሉ ከጊዜ በኋላ አጭበርባሪ ወደሚል ትርጉም ዘቀጠ። በተራው ሕዝብ ዘንድ ካርዱ ጃክም ይባል ነበር፤ ነገር ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ በጨዋ ሰው ፊት «ጃክ» ብሎ መጥራት ያልተማረ ሰው ምልክት ነበር። ፍርዱን የገለበጠው ማተሚያ ቤት ነው። በካርዱ ጥግ ላይ የስሙን መነሻ ፊደል ማተም ሲጀመር፣ የንጉሡና የኔቩ ስሞች በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ተጫዋች ተምታታበት። አሽከሩን ከንጉሡ ለመለየት የሕዝቡ ስም ተመረጠ። ጨዋዎቹ ተሸነፉ ማለት ነው፤ እኔ በዚህ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ጃክፖት ተወለደ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የፖከር ዓይነት፣ አንድ ተጫዋች ውርርዱን ለመክፈት ቢያንስ ሁለት ጃክ በእጁ ሊኖረው ይገባ ነበር። ማንም ከሌለው ካርታው እንደገና ይታደላል፤ ሁሉም መደቡ ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ያስቀምጣል። ሁለት ጃክ እስኪገኝ ድረስ ገንዘቡ እያበጠ ይሄዳል። «ፖት» ማለት ያ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ያ ደሃ አሽከር ስሙ ከትልቅ ገንዘብ አጠገብ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያውም ለመክፈቻ።

ዲጄውም በአጭሩ ይኸው ነው። ስኮትላንዳውያን ጃክን ጆክ ይሉታል፤ ትንሹ ጆክ ጆኪ ነው። ጆኪ መጀመሪያ ተራ ጎረምሳ፣ ቀጥሎ የፈረስ ነጋዴ፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ደግሞ የእሽቅድምድም ፈረስ ጋላቢ ሆነ። በሃያኛው መቶ ዘመን በሬዲዮ ሸክላ የሚያጫውተውን ሰው «ዲስክ ጆኪ» አሉት፤ ሸክላ ጋላቢ እንደ ማለት። የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደላት ዲጄን ሰጡን።

በንግግር ውስጥ ያሉት አባባሎች ከዕቃዎቹ ይልቅ ተማሪን ያስቸግራሉ፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ውስጥ ጃክ ሌላ ሰው ነው። «ጃክ ኦፍ ኦል ትሬድስ» የሚባለው ሁሉንም ሞያ የሚሞክር ሰው ነው። አባባሉ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ይገኛል፤ ከዚያ ቀደም ብሎም በ1592 ሮበርት ግሪን የተባለ ጸሐፊ አንድ ገና ብቅ ያለ ባለ ቴአትርን «ዮሐንስ ፋክቶቱም» ብሎ በላቲን ዘልፎታል፤ ሁሉን አድራጊው ዮሐንስ ማለት ነው። ሊቃውንት በአብዛኛው እንደሚስማሙበት የተዘለፈው ሼክስፒር ነበር። «የአንዱም ጌታ ያልሆነ» የምትለው ጅራት ኋላ የተቀጠለች ናት፤ ስለዚህ አባባሉ መጀመሪያ ስድብ ብቻ አልነበረም። በኢንተርኔት ደግሞ ሦስተኛ ሐረግ ጨምረው «የአንድ ሞያ ጌታ ከመሆን ግን ብዙ ጊዜ ይሻላል» የሚለው የጥንቱ ሙሉ አባባል ነው የሚሉ ሞልተዋል። ይህች ሐረግ በጥንቶቹ ጽሑፎች ውስጥ የለችም። ሁሉን የሚነካካ ሰው ራሱን ለማጽናናት የጨመራት ትመስላለች።

«ጃክ ሮቢንሰን ሳትል» ማለት በቅጽበተ ዓይን ማለት ነው። ይህ ሮቢንሰን ማን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ተረት ተፈጥሯል። ፍራንሲስ ግሮስ በ1785 ባወጣው የመንደር ቃላት መዝገብ ውስጥ፣ ሰው ጤና ይስጥልኝ ሊል ሄዶ ስሙ ለቤቱ ባለቤት ሳይነገር ተመልሶ የሚወጣ ቀዥቃዣ ሰው ነበር ይላል። ታሪኩ ያስቃል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ጃክም ሮቢንሰንም ሞልተው የተረፉ ስሞች ስለነበሩ አንድ የተለየ ሰው መፈለግ ራሱ ስሕተት ይመስለኛል።

«ሥራ ብቻ ያለ ጨዋታ ጃክን ፈዛዛ ያደርገዋል» የሚለው በ1659 በታተመ የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ ውስጥ አለ። እዚህ ጃክ ማንኛውም ልጅ ነው። «እኔ ደህና ነኝ ጃክ» ሲባል ደግሞ ተናጋሪው ጃክ አይደለም፤ ጃክ የሚሰማው ነው። ከመርከበኞች የመጣ ነው ይባላል። እኔ መሰላሉን ወጥቻለሁ፣ አንተ እንደ ፍጥርጥርህ ማለት ነው፤ የእኛው «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» የቅርብ ዘመዱ ነው። አሜሪካኖች «ጃክ አታውቅም» ሲሉ ግን ምንም አታውቅም ማለታቸው ነው፤ ከኋላው የነበረች ነውረኛ ቃል ተቆርጣ ጃክ ብቻውን ቀርቷል። ማንኛውም ሰው፣ ከዚያ አሽከር፣ ከዚያ ዕቃ ሆኖ የመጣው ስም በመጨረሻ ምንም ሆነ።

እነዚህን ለመለየት የእንግሊዝኛ አንባቢ አንድ መርጃ አለው፤ የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ዕቃው በትንሽ። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ተርጓሚ ይህ መርጃ ያመልጠዋል። አንድ የመሣሪያ መመሪያ ስተረጉም «ጃክን ከመኪናው ሥር አስገባው» የሚል ረቂቅ ጽፌ ደንግጫለሁ። ወንጀል ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ክሪክ የምትለዋን ቃል ከልቤ ያመሰገንኳት።

ጃክ ብቻውን አይደለም። ወንድሙ ጆን በፍርድ ቤት ሥራ አግኝቷል። በእንግሊዝ የመሬት ባለቤትነት ክስ እጅግ የተንዛዛ ነበር፤ ከመሬቱ የተባረረ ተከራይ የሚያቀርበው ክስ ግን ፈጣን ነው። ስለዚህ ባለ መሬቶች ዘዴ አገኙ። «መሬቴን ለጆን ዶ አከራይቼ ነበር፤ ሪቻርድ ሮ አባረረው» ብለው ይከሳሉ። ሁለቱም ሰዎች አልተፈጠሩም፤ ዳኛውም ይህን ያውቃል፣ ጠበቆቹም ያውቃሉ። ሁሉም እያወቀ ለተከራዩ መብት ሲከራከሩ እግረ መንገዱን መሬቱ የማን እንደሆነ ይወሰናል። ይህ ጨዋታ በሕግ የቀረው በ1852 ነው። ጆን ዶ ግን አሜሪካ ተሻግሮ ስሙ ያልታወቀ አስከሬንና ስሙ እንዳይገለጥ የተፈለገ ባለ ጉዳይ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል።

የጋይ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ የራቀ ነው። ጋይ ፎክስ በኅዳር 1605 በእንግሊዝ ፓርላማ ሥር በ36 በርሜል ባሩድ አጠገብ የተያዘ ሴረኛ ነበር። በየዓመቱ በኖቬምበር 5 ምስሉ በአሮጌ ጨርቅ ተሠርቶ ይቃጠላል። ያ የጨርቅ ምስል «ጋይ» ተባለ፤ ከዚያ እንደ ምስሉ የተጀቦነ ሰው ጋይ ሆነ፤ አሜሪካ ሲደርስ ስድቡ ረግፎ ማንኛውም ወንድ ጋይ ሆነ። ዛሬ ወንድና ሴት ተቀላቅለው የተቀመጡበትን ጠረጴዛ በብዙ ቁጥር በዚሁ ቃል የሚጠሩ ሚሊዮኖች ናቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንዲህ ማለት መሆኑን የሚጠረጥር አይኖርም።

ዘመድ የሚመስሉ ባዕዶችም አሉ። «ጃካል» የተባለው የዱር እንስሳ ከጃክ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙ ከፋርስኛ በቱርክኛ በኩል የመጣ ነው። «ጃክፍሩት» የሚሉት ትልቅ ፍሬም በፖርቱጋልኛ በኩል ከደቡብ ሕንዱ ማላያላም ቋንቋ የመጣ ነው። አውሮፕላን መጥለፍ «ሃይጃክ» የሚባለው፣ ወንበዴው «እንዴት ነህ ጃክ» ብሎ መኪና ያስቆም ስለነበር ነው የሚል ታሪክ ይነገራል። ቃሉ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ጫኝ መኪና ከሚዘርፉ ሰዎች ጋር ተያይዞ መታወቁ እርግጥ ነው፤ ሰላምታዋ ግን ያለ ምስክር የቀረች ተረት ናት።

ስሙ ራሱስ የት ደረሰ? በእንግሊዝና በዌልስ አገር ለተወለዱ ወንዶች በሚወጡ ስሞች ዝርዝር ላይ ጃክ እስከ 2008 ድረስ 14 ዓመት በተከታታይ አንደኛ ነበር፤ በ2009 ኦሊቨር ቀደመው። እነዚህ ወላጆች ልጃቸውን ጆን ብለው አስመዝግበው በቤት ውስጥ ጃክ አላሉትም። በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ራሱ ጃክ ነው።